ሽማግሌዎቹ ዳኛ ቤት የሄዱ ዕለት

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5። ጠዋት፣ ቢሮ

ዛሬም ስንመላለስ ነው ያረፈድነው። ከአሳንሰሩ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ አሳንሰሩ። ማ. ቆሞ ማውራት አይችልም። (ማ. ማለት ማክሬ ነው፣ ማስታወሻዬ። አለቃዬን በሙሉ ስሙ መጻፍ ሰልችቶኛል።) ኤድንብራ ውስጥ ጠበቆች ጉዳያቸውን የሚማከሩት በትልቅ አዳራሽ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተመላለሱ ነው አሉ፤ ማንም አጠገባቸው ቆሞ እንዳያዳምጥ። እዚህ የሚያዳምጠን የለም። ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ጆሮዋ ላይ ዘፈን ሰክታለች። ቢሆንም እንመላለሳለን። እኔ በሂል ጫማ። እግሬ አለቀ።

ንግግሩን አስረከብኩት። ለጠበቆች ማኅበር እራት የሚያነበው ነው፤ የስኮትላንድ ዳኞች እንዴት ዳኛ እንደሚሆኑ። የሞቱ ሰዎችን ሕይወት ሳነብ ከረምኩ። ሁሉም አንድ ነው። ጥሩ ት/ቤት። ሕግ። ከዚያ አንድ ነባር ጠበቃ ሥር ያለ ደመወዝ ልምምድ። ተለማማጁን “ዴቪል” ይሉታል፤ ሰይጣን ማለት ነው፤ ሕጋዊ መጠሪያው ነው፣ እኔ አልፈጠርኩትም። ከዚያ ጠበቃ። ከዚያ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ። ከዚያ የሐር ካባ፣ የከፍተኛ ጠበቃ ማዕረግ ማለት ነው። በመጨረሻ የዳኝነት ወንበር፤ ወንበሩ ላይ በተቀመጡ ቀን ስማቸው ላይ “ሎርድ” ይጨመራል። ፋይላቸውን ማን እንደተሸከመላቸው አንዱም ሕይወት ውስጥ አልተጻፈም። ይቺን የማ. ንግግር ውስጥ ባስገባት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደፈርኩም።

ሰይጣን የሚለውን ቤት ሳወራው አባዬ ሳቀ። እማዬ ግን እጇን ጭንቅላቴ ላይ ጭና ጸለየች። እዚህ ጆበርግ ተለማማጅ ጠበቃ እንደዚያ እንደማይባል ማልኩላት። አላመነችም።

ማ. ኤድንብራን የለቀቀው በወጣትነቱ ነው። አብረውት የተማሩት ዛሬ ሎርድ ናቸው፤ በየገናው ካርድ ይልኩለታል፤ ካርዶቹን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራቸዋል። እሱ እዚህ የሐር ካባ ለብሷል፤ ወንበሩ ግን ቀርቶበታል። ዘንድሮ ግን ተራው ደርሷል። እዚህ አገር ከፍተኛ ጠበቃ ለተወሰኑ ሳምንታት በተጠባባቂ ዳኝነት ያገለግላል፤ ካማረለት ዳኞችን የሚመርጠው ኮሚሽን ለቃለ መጠይቅ ይጠራዋል። ማ. አገልግሏል። ተጠርቷል። ኦክቶበር ላይ ይጠየቃል።

እና ባለፈው ዓርብ ፈረደ! ደግሜ ልጻፈው። ጀፕስታውን ያለውን ሕንፃ፣ የአባዬ የብርድ ልብስ መደብር ያለበትን፣ ባለቤቱ ሐበሾቹን ሁሉ ሊያስወጣ ከሶ ነበር። ጉዳዩ ማ. ጋ ሲመራ በመጀመሪያው ቀን ነገርኩት፤ አባቴ ከተከሳሾቹ አንዱ ነው። ችሎት ላይ ለሁለቱም ወገን ገለጸ። ሁለቱም ይሁን፣ ይቀጥል አሉ። ፋይሉን እንዳልነካ አዘዘኝ። ጫፉን አልነካሁም። ጉዳዩ ተሰማ፣ ፍርዱ ተቀጠረ፣ ዓርብ ተነበበ። ሐበሾቹ ረቱ። ጀፕስታውን ውስጥ እልልታው ለአውቶቡስ ሾፌሮች ሁሉ ተረፈ።

ሕግ ሠራ። እኔ ያለሁበት ሙያ ሠራ። እየተመላለስኩም ቢሆን ኮርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7። ምሳ ሰዓት

ኖምሳ ቢሮዬ ገባች። ኖምሳ የሶዌቶ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የጀመረች ተለማማጅ። ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው። “ሃይቦ ሲሲ፣ ኧረ እህቴ፣ ይሄ አባትሽ አይደለም እንዴ?”

አባዬ ነው። ቡናማ ሱፉን ለብሷል፤ የሠርግና የለቅሶ ሱፉን። በቀኙ ጋሽ ሎምቤ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። በግራ ዳር ሀጂ ከድር በነጭ ኮፍያቸው፤ የሕንፃውን ሁለተኛ ፎቅ ሙሉ የያዙት ጅምላ ነጋዴ። መሐል ላይ ሹራብ ለብሶ የሚስቅ ነጭ ሽማግሌ። ማ.። ከኋላቸው የብረት በር። የማ. ቤት በር፣ ፓርክቪው።

አባዬ በሁለት ክንዱ ያቀፈው ነገር ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ብርድ ልብስ ነው። ነብር አለበት። አፉን የከፈተ።

ፎቶውን የለጠፈው የቤተ ክርስቲያናችን የፌስቡክ ገጽ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ “ሽማግሌዎቻችን የልጃችንን የዲቦራን መምህር የተከበሩትን ዳኛ ከፍርዱ ሁለት ሳምንት በፊት ጎብኝተው ነበር። በእንባ የዘሩ በደስታ አጨዱ። አሜን በሉ።”

አሜን ያሉት ብዙ ናቸው።

ኖምሳ በትርጉም ቁልፉ አንብባዋለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ዳኛን በነብር የሚጠይቅ ቤተሰብ አይታ አታውቅም። ከዚያ ፊቴን አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። በጠዋቱ የሕንፃው ባለቤት ጠበቆችም አይተውታል አለችኝ። ሻይ ክፍል ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ የለም።

ገጹን ሠርዙት ብዬ ደወልኩ። ወጣቶቹ አይገባቸውም። እህት ዲቦራ፣ ምስክርነት እኮ ነው ይሉኛል።

ማ. ስልክ አያነሳም።

በዚያው ቀን፣ ምሽት፣ ቤት፣ ትሮይቪል

ለአባዬ ፎቶውን ገና ሳሳየው ሱፉን አይቶ አማረብኝ አይደል አለ። ጮህኩበት። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። እማዬ ድስቱን አስቀምጣ ወጣች።

የሆነው ይኼ ነው። አባዬ ዓመቱን ሙሉ ተሳቅቋል። ልጁ የሰው እጅ ላይ ነች፤ የሰውየውን ደጅ ግን ረግጦ አያውቅም። “አደራ ሳልል ልጄን ለሰው እሰጣለሁ? ሰው ምን ይለኛል?” ብቻውን መሄድ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ጋሽ ሎምቤን ጠየቀ። ጋሽ ሎምቤ እግረ መንገዳችንን የሱቁንም ነገር ብናነሳለትስ አለ። ሀጂ ከድር መኪናቸውን አወጡ። ቤቱን አባዬ ያውቀዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ የሌላ ጉዳይ ፋይል ላደርስ በባኪው፣ በጭነት መኪናው፣ ያደረሰኝ እሱ ነው። እኔ ነኝ መንገዱን ያሳየሁት ማለት ነው። ሳላውቅ።

ለኔ አልነገሩኝም። ለልጅ የሚነገር ነገር አይደለም፤ የሽማግሌ ጉዳይ ነው።

ማ. ምን አደረገ? አባዬ አሁንም ፊቱ ይበራል። በር ከፈተ። ግቡ አለ። ራሱ ሻይ አፈላ። ብስኩት አቀረበ። ጋሽ ሎምቤ ሲጸልይ አንገቱን ደፋ። ሲሸኛቸው የሰፈሩ ጥበቃ በጋሽ ሎምቤ ስልክ በሩ ላይ ፎቶ አነሣቸው፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ተቀበለ። እንደኛ ሰው፣ በሁለት እጁ።

ሕጉን አስረዳሁ። ፍርድ ያልሰጠ ዳኛ አንዱ ወገን በሌለበት ከሌላው ጋር አይቀመጥም። ቢመጡበት ከደጅ ይመልሳል፤ በዚያው ቀን ለሁለቱም ወገን ጠበቆች ያሳውቃል። ሻይ የለም። ጸሎት የለም። ነብር የለም። ይሄ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ነው።

አባዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፦ “ታዲያ እሱ ዳኛ ነው። እኛ ብርድ ልብስ ሻጮች ነን። ማነው ማወቅ የነበረበት?”

እውነቱን ነው።

ማ. ነገ ያስረዳል። ማስረዳት አለበት። ምናልባት አሳውቋል፤ እኔ ፋይሉን ስለማልነካ አላየሁት ይሆናል።

ዓርብ፣ ኦገስት 8

አላሳወቀም።

የባለቤቱ ጠበቆች ፍርዱ ይሻር ብለው ዛሬ አመለከቱ። ማ. መልስ ሰጥቷል፤ አንድ ገጽ ተኩል። ኖምሳ አምጥታ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ የወረቀት ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች ደጁ ላይ መጡ ይላል። ከበር መለሳቸው ይላል። ፎቶውን ለትሕትና ሲል ፈቀደ። ቀላል የሰላምታ ጉዳይ ስለመሰለው አላሳወቀም። ቀጥሎ ያለውን ቃል በቃል ልገልብጠው፣ ማስታወሻዬ፣ ነገ ሕልም ነው እንዳልል፦ “ሰዎቹን የላከቻቸው ተለማማጄ መሆኗን ተረድቻለሁ። በዚያው ሳምንት ጠርቼ በጥብቅ ገሥጬያታለሁ።”

ጠርቶ። ገሥጾ። መቼ? የት? ያንን ሳምንት እኔና እሱ የተነጋገርነው ስለሞቱ ሎርዶች ነው!

የሐር ካባ የለበሰ ሰው ይዋሻል። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስጽፈው እንኳ እንግዳ ነው። ተከሳሽ ይዋሻል፣ ምስክር ይዋሻል፣ ደንበኛ ይዋሻል፤ ይሄን ተምሬያለሁ። ሌሎች ሲዋሹ የሚይዘው ሰው፣ መስቀለኛ ጥያቄ ያስተማረኝ ሰው፣ እኔን፣ በስሜ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጻፈልኝ። ታግጃለሁ። ቢሮ መግባት የለም። በ21 ቀርቤ መልስ እሰጣለሁ። ጥፋተኛ ከተባልኩ ጠበቃ ሆኜ አልመዘገብም፤ ዘንድሮ ሳይሆን ምናልባት መቼም። በስድስት ዓመቴ እዚህ አገር ገባሁ። በጥገኝነት ወረቀት ተማርኩ፣ ቋሚ መኖሪያ እስኪሰጡኝ በየስድስት ወሩ ተሰለፍኩ፣ እየተሰለፍኩ ለፈተና አጠናሁ። ለዚህ።

ኖምሳ ዕቃዬን በካርቶን አወረደችልኝ። ጥበቃው ካርዴን ወሰደ። ዘወትር “ዶክተር” እያለ የሚያሾፍብኝ ሰውዬ ነው። ዛሬ አላሾፈም። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9። ጀፕስታውን

የደቡብ አፍሪካ የሴቶች ቀን። በዓል ነው፣ ገበያው ግን ደርቷል። ብርድ ነው። ሰዉ ብርድ ልብስ ይሸምታል። ቤት ብቀመጥ ግድግዳ እበላለሁ ብዬ አባዬ ጋ መጣሁ። “ሳውቦና ባባ! ነብሩ ስንት ነው?” እያሉ በዙሉ ሰላምታ ይገባሉ። ነብሩ ከሁሉ ይሸጣል።

ደንበኛ ሲቀንስ አባዬን አስቀመጥኩት። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ፣ ምንም ሳታስቀር፣ እንደማላውቅ አድርገህ። ለምስክር የሚደረገው ነው። አንድ በአንድ አወራ። በሩ፣ ውሻው፣ ሻዩ፣ ሀጂ ከድር ብስኩቱ ውስጥ የአሳማ ስብ እንዳይኖር ብለው እጃቸው ላይ ይዘውት መቆየታቸው። ሳቅኩ እንኳ።

ስትወጡስ አልኩት።

ስንወጣማ በር ድረስ ሸኘን አለ። እኔን ትከሻዬን ይዞ፣ ስለ ሱቆቹ አትጨነቁ፣ በሰላም ተኙ አለን።

ምን አለ?

“አትጨነቁ አለን። አይዘጉም አለን። ሀጂ እንግሊዝኛውን ጥርት አድርገው ይሰማሉ፣ ጠይቂያቸው።” ከዚያ እንደ ተራ ነገር፦ “በፎቶው ላይ ለምን የምንስቅ ይመስልሻል?”

የያዝኩት ጥቅል ከእጄ ወደቀ። ፎቶውን እንደገና አየሁት። እውነት ነው። አራቱም ይስቃሉ። የእንግድነት ሳቅ አይደለም። የምሥራች ሳቅ ነው።

ፍርዱን ነገራቸው። ገና ያልተነበበ ፍርድ። ለአንዱ ወገን ብቻ። በደጁ ላይ። ከሻዩ በኋላ።

አሁን ሁሉም ገባኝ፤ መግባቱ ደግሞ የባሰ ነው። ሻይ ብቻ ቢሆን ፍርዱ ሊተርፍ ይችል ነበር። ይሄ ከተነገረ ግን አይተርፍም። አንድም ይግባኝ ሰሚ አያስተርፈውም። ፍርዱ ከፈረሰ ጉዳዩ ከዜሮ ይጀመራል፣ በሌላ ዳኛ፤ እስከዚያ ባለቤቱ በሩን ሊቆልፍ ይችላል። የአባዬን። የሀጂን። ፎቁን ሁሉ።

አባዬ ፊቴን ሲያይ የምሥራቹ ከፊቱ ወረደ። ምነው ልጄ አለ። ነገርኩት።

ሁለታችንም ብርድ ልብሱን ለማንሳት ጎንበስ አላልንም። አንዲት ጎጎ፣ አሮጊት ደንበኛ፣ መጥታ አንስታ ዋጋ ጠየቀች።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ማ. ጠራኝ። ቢሮ መግባት ስለማልችል ቤቱ አጠገብ ካለው መናፈሻ፣ ሐይቁ ዳር። እዚያም እየተመላለስን።

ቀድሜ ደረስኩ። መኪናውን አቁሞ ውሻውን ሲያወርድ የኋላውን በር ከፈተ። ወንበሩ ላይ የተነጠፈውን አየሁ። ነብሩ። ፀጉር በፀጉር ሆኗል። አባዬ ከመደብሩ የመጨረሻውን ትልቁን መርጦ፣ ፕላስቲኩን በሱፉ እጅጌ ወልውሎ የወሰደውን፣ ውሻው ተኝቶበታል።

ማየቴን አላየም። ወይም ምንም አልመሰለውም። ከበር መለስኳቸው ያለ ሰው የያዙትን ዕቃ መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞራል። እንዴት ነው ሰው እንዲህ የሚዘነጋ? ወይስ እኔ ልናገር እችላለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም?

አወራ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እንዳያሳዝነኝ እንደሚጨነቅ ሰው። የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። ላክኋቸው በዪ። የባህል ጉዳይ ነው በዪ፤ በእኛ አገር መምህር ይጎበኛል፣ ስሕተት መሆኑን አላወቅሁም በዪ። እሱ ደግሞ ወጣት ናት፣ ጎበዝ ናት ብሎ ይጽፍልኛል። ስድስት ወር ብዘገይ ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ከወጣ በኋላ ስሙ ከኋላዬ ይቆማል፤ በዚህ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌላ ነገር ካልኩ ግን የሦስት ሽማግሌዎች ቃል ከእሱ ቃል ጋር ይመዘናል። እናም ፍርዱ ይሞታል። “ስለ ሱቆቹ አስቢ” አለኝ።

ሱቆቹን ያዘብኝ። አባዬን ትከሻውን በያዘበት እጅ።

አንዴ ቆመ። ቆሞ ሲያወራ ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው። ሁሉም ሎርድ ሆነዋል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ አለ። ያን ቀን ሰዎቹ ሲመጡ ብቻውን ነበር። ማንም ደጁን አንኳኩቶ በጸሎት ባርኮት አያውቅም። ደስ አለው፤ ደስታውን መልሶ ሊሰጣቸው ፈለገ። የሚሰጠው ያለው ፍርዱ ብቻ ነበር። ይሄን ሲል አመንኩት። አዘንኩለት፣ ማስታወሻዬ፤ ልዋሽሽ አልችልም።

ከዚያ ውሻው መጥቶ እግሬን አሸተተ።

ንግግሬን እንዳታነብ አልኩት።

አልገባውም። የቱን ንግግር አለ።

የስኮትላንድ ዳኞችን። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አታነበውም። መልስልኝ።

እንደ እብድ አየኝ። ምናልባት እብድ ነኝ። ይሄ ሁሉ ቀርቶ የጠየቅሁት ያንን ነው። ግን አፌ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነበር፤ እና የኔ ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 17። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ዛሬ ሽማግሌ የመጣው በእኔ ላይ ነው።

ጋሽ ሎምቤ፣ ሀጂ ከድር፣ አባዬ። ሳሎን። ሀጂ እሑድን ለኛ ብለው መደብር ዘግተው መጡ። እማዬ ሻይ አቀረበች። እኔ ትንሿ በርጩማ ላይ፤ ከሳሽ ልሁን ተከሳሽ አላውቅም።

ጋሽ ሎምቤ በጸሎት ከፈተ። ረጅም ነበር። ከዚያ ወደ ነገሩ። አንቺ ወጣት ነሽ። ዓመት ያልፋል። የተዘጋ ሱቅ ግን አይከፈትም። ሰውየው ላክኋቸው በዪ ካለሽ በዪለት፣ ምን ይጎድልብሻል? ዮናስን መርከበኞቹ ወደ ባሕር ሲጥሉት ማዕበሉ ጸጥ አለ።

ዮናስ ጥፋተኛ ነበር፣ ጋሽ ሎምቤ። እኔ አይደለሁም።

አባዬ ምንጣፉን ያያል።

ሀጂ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ፎቶውን ማነው የለጠፈው?” አሉ። ጋሽ ሎምቤ ወጣቶቹ ናቸው አለ። “ወጣቶቹ ከየት አመጡት?” እኔ ልኬላቸው ነው አለ፣ በቀስታ። ሀጂ ሳቁ። “እኔ ግራጫውን እንውሰድ ብዬ ነበር። የለም፣ ነብር ይሁን አላችሁ። ግራጫ ቢሆን ማን ያየው ነበር?” አባዬም ሳይወድ ሳቀ። ለአፍታ ሁሉም ነገር እንደ ድሮ ሆነ። የማይወደድ ሰው በመካከላቸው የለም። የሚያሳዝነውም ይኼው ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ከመካከላቸው አንድም ሰው።

ጋሽ ሎምቤ እንደገና ጀመረ። እማዬ ከወጥ ቤቱ በር አቋረጠችው። ሽማግሌ ሲናገር እማዬ ገብታ አታውቅም። “ነጮቹ ልጄን ሰይጣን ብለው ጠሯት፤ እናንተ ደግሞ መሥዋዕት ልታደርጓት መጣችሁ። የቱ ይሻላል?” ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ገና ያልጠጡትን ጭምር።

ሲወጡ ሀጂ ደጁ ላይ ዘገዩ። አትጨነቁ ብሎናል አሉኝ፤ በእንግሊዝኛ ደገሙልኝ፤ ቃል በቃል። ከጠየቁኝ እናገራለሁ፤ ካልጠየቁኝ ልጄ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሙሉ አለኝ፣ ዝም እላለሁ። ይሄን ያህል እውነተኛ ሰው ዛሬ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20። ከሰዓት

መልስ ስጽፍ ዋልኩ። ሁለት መልስ ጻፍኩ። አንደኛው ላክኋቸው ይላል። እንዴት ጥሩ ይነበባል! ትሑት ነው፣ ባህል አለበት፣ ይቅርታ አለበት። ኮሚቴው ይወደው ነበር። ማ. የሚያስተምረኝን ሁሉ አስገብቼበታለሁ፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቅጽል የለም።

ሁለተኛው ጎርበጥባጣ ነው። ሻይ፣ ብስኩት፣ ነብር፣ አትጨነቁ።

አባዬ ሱቅ ዘግቶ በባኪው መጣ፤ ወጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አላጠፋም። ከተናገርሽ እናጣዋለን ወይ አለኝ። ልናጣው እንችላለን አልኩት። ክርክሩ ጠንካራ ነው ብዬ አስባለሁ፤ አዲሱ ዳኛም ሊፈርድልን ይችላል። ላይፈርድም ይችላል። አላውቅም አባዬ። እውነቱን ነው፣ አላውቅም።

የጅምላ ዋጋ ስለመጨመሩ አወራ። ከደርባን የሚመጣው ዕቃ ስለመዘግየቱ አወራ። አንድ ጎማ ስለመተንፈሱ።

ከዚያ ነገ በስንት ሰዓት ነው አለ።

ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ሊመጣ ነው? መጥቶ ምን ሊል ነው? አልጠየቅኩም። ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 21። ጠዋት፣ ከኮሚቴው ክፍል ውጭ

እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ እጽፋለሁ። እጄ ሥራ ካላገኘ አብዳለሁ።

ኖምሳ መጥታ ነበር። ቸኮሌት ሰጠችኝ፤ የዙሉ ሴቶች ለትግል ተነሥተው ሲሄዱ የሚዘፍኑትን ልታስተምረኝ ሞከረች፤ ጸሐፊዋ ዝም በሉ አለችን። ወደ ፍ/ቤት ሄደች።

አባዬ መጥቷል። ቡናማው ሱፍ። ሀጂ ከድርም መጥተዋል፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ጋሽ ሎምቤ አልመጣም፤ እየጸለይኩ ነው የሚል መልእክት ልኳል። ሦስታችን ተደርድረናል። በሩ ዝግ ነው።

አሁን አሳንሰሩ ተከፈተ። ማ.።

ብቻውን አይደለም፤ ጠበቃ ይዟል። ጠበቃ የያዘ ማ.፤ ይሄም ዓይኔ ያየው ነገር ነው። እኛን ሲያይ ፈገግ አለ። የዚያን ቀኑ ፈገግታ፣ የበሩ። ቀጥ ብሎ ወደ አባዬ መጣ፤ እጁን ዘረጋ፤ እንደ ወዳጅ እንዴት ነህ አለው።

አባዬ ለማን የማይነሣ ሰው ነው? ለማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ይነሣል። ሊያስለቅቀው ለመጣ ፖሊስ ተነሥቷል። የኔ አንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ፣ በመንገድ ስታልፍ ከሱቅ ወንበሩ ይነሣላት ነበር።

አልተነሣም።

ሀጂ ግማሽ ድረስ ተነሥተው ነበር። አባዬ የኮታቸውን ጫፍ ይዞ ጎተታቸው። “ቁጭ ይበሉ፣ ሀጂ።”

የማ. እጅ አየር ላይ ቀረ። መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እዚያ ጥግ ሄዶ ቆመ። አይመላለስም።

አባዬ ወደ እኔ ዞሮ አላየኝም። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ግን ጉልበቱ ጉልበቴን ነክቷል፤ አላነሣውም።

ሁለቱን መልስ ይዤ ነው የመጣሁት። ትሑቱን አሁን ለሁለት ቀደድኩት። ሀጂ ድምፁን ሰምተው ዞር አሉ።

በሩ ተከፈተ። ጸሐፊዋ ስሜን ጠራች፤ አበላሽታ ጠራችው፤ ግድ የለም።

መጀመሪያ የምለውን አውቄዋለሁ። ክቡራን፣ ስለ ራሴ ከመናገሬ በፊት፦ የአባቴን ሱቅ ያተረፈው ፍርድ መፍረስ አለበት።